«እናቴ አልጋዬ ሥር ትተኛለች»

የአንባቢ ደብዳቤ

እትዬ፣ ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ስሜን አይጻፉብኝ። 28 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ባለፈው ጥቅምት ራሴን ለማጥፋት ሞክሬ ተረፍኩ። ሆስፒታል 11 ቀን ተኛሁ። ለጎረቤትና ለዘመድ «ታይፎይድ ነው» ተባለ። እውነቱን የሚያውቁት እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና አንዲት አክስቴ ብቻ ናቸው። ሁሉም «እግዜር ሁለተኛ ዕድል ሰጠሽ፣ አመስግኚ» ይሉኛል። እኔ ግን ደስታ የሚባል ነገር አይሰማኝም። ስለማይሰማኝም ራሴን እንደ ውለታ ቢስ እቆጥራለሁ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋዬ ሥር ፍራሽ ዘርግታ ነው የምትተኛው። ሻወር ቤት ትንሽ ከቆየሁ በር ታንኳኳለች። ስለዚያ ቀን ግን አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም። መድኃኒት ጀምሬ ነበር፤ ሁለት ወር ወስጄ ጠበል ስገባ ተውኩት። አንዳንድ ቀን ያ ሐሳብ ብቅ ይላል። ብናገር መልሰው ያስተኙኛል ብዬ ዝም እላለሁ። ወደ ድሮዋ እኔ የምመለሰው መቼ ነው? እንዲህ መኖርስ ኑሮ ነው?

ስሜ ይቆይ

መልስ

እህቴ፣

ከሁሉ በፊት አንዷን መስመርሽን ላንሳ። «አንዳንድ ቀን ያ ሐሳብ ብቅ ይላል» ብለሻል። ይህን በምታነቢበት ሰዓት ሐሳቡ ብቅ ከማለት አልፎ «እንዴት» እና «መቼ» ማለት ከጀመረ፣ ንባቡን እዚሁ አቁሚው። እናትሽን ጥሪያት፤ ሌሊት ከሆነም ቀስቅሻት። ብቻሽን አትሁኚ። ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል አለ፤ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከከተማ ውጭ ያላችሁ አንባቢዎችም በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። የቀረውን ደብዳቤዬን ሌላ ቀን ታነቢዋለሽ።

እንደዚያ ካልሆነ ግን አረፍ ብለሽ አንብቢልኝ። ብዙ የምልሽ አለኝ።

ስለ ምስጋናው ልጀምር፤ ከሁሉ በላይ የከበደሽ እሱ ይመስለኛል። ቤተሰብሽ «አመስግኚ» ሲሉሽ ክፋት የላቸውም። ሊያጡሽ ነበርና እነሱ በእውነት አመስግነዋል። የነሱን ደስታ አንቺም እንድትሰሚው ፈለጉ። ግን አንቺ በሌላ ቦታ ነው ያለሽው። ድባቴው፣ ድካሙ፣ ወደዚያ ቀን የወሰደሽ ነገር ሁሉ በመትረፍሽ ብቻ ብን ብሎ አልጠፋም። ሆስፒታል ስትገቢ አብሮሽ ገባ፣ ስትወጪም አብሮሽ ወጣ። እዚያ ላይ ደግሞ ኀፍረት ተጨመረበት። ከእንዲህ ያለ ነገር የተረፉ ሰዎች ብዙ ዓይነት ስሜት ነው ያላቸው። አንዱ እፎይ ይላል፣ አንዱ ይናደዳል፣ አንዱ ያፍራል፣ አንዱ ምንም አይሰማውም። ብዙዎቹ ሁሉንም በአንድ ቀን ውስጥ ይሰሙታል። አንቺ ውለታ ቢስ አይደለሽም። ታመሽ ነበር፣ አሁንም እያገገምሽ ነው። የመደሰት ዕዳ የለብሽም። ደስታው ከመጣ ይምጣ፤ እስከዚያው ግን እንዳለብሽ ዕዳ አታስቢው።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ታናሽ ወንድሜ ከብዙ ዓመት በፊት እንዳንቺው ሞክሮ ተርፏል። ይህን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው። እኛ ቤት ያ ቀን ስም አልነበረውም። ግድ ሲሆን ብቻ «የታመመ ጊዜ» እንላለን። እናቴ ማታ ማታ እየተነሳች ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር። እኔ ደግሞ እሱ ባለበት የሞት ወሬ እንዳይነሳ ሬዲዮ ሳይቀር አጠፋ ነበር። ካነሳንበት የምናስታውሰው፣ ካስታወስነው የሚደግመው ይመስለን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ቡና እየጠጣን «ያኔ ከሁሉ የከበደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ተቆጥታችሁኝ መስሎኝ ነበር» አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ! እኛ በፍርሃት ዝም አልን፤ እሱ ዝምታችንን ቁጣ አድርጎ ተረጎመው።

ስለ ራስ ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። ይህን ነገር በጥናት ደጋግመው አረጋግጠውታል። ያኔ ብናውቅ ኖሮ እያልኩ አሁንም እቆጫለሁ።

ስለዚህ እናትሽ ፍራሹን አልጋሽ ሥር የዘረጋችው አንቺን ለመጠበቅ ብቻ አይመስለኝም። እሷም አፍ አውጥታ መናገር ያቃታትን በፍራሹ እየተናገረች ነው። እሷም ያን ቀን ቆስላለች። ማንም ደግሞ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አላላትም፤ ምክንያቱም ለሰው ሁሉ ታይፎይድ ነው ተብሏል። ለቅሶ ቢሆን ጎረቤት ይቀመጥላት ነበር። ይህን ግን ብቻዋን ነው የያዘችው።

ወሬውን አንቺ ብትጀምሪው ደስ ይለኛል። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ረጅም መሆን የለበትም። «እማዬ፣ ስለዚያ ቀን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያደረግሁት ስላልወደድኩሽ አይደለም። በጣም ታምሜ ነበር። አሁንም አንዳንድ ቀን ይከብደኛል። ሲከብደኝ ልነግርሽ እፈልጋለሁ፤ አንቺ ግን እንዳትደነግጪብኝ» በያት። ታለቅስ ይሆናል። ታልቅስ። አንቺም አልቅሺ። ፊት ለፊት ካቃተሽ ጽፈሽ ስጫት። ማንበብ የሚያስቸግራት ከሆነ ወንድምሽ ያንብብላት።

እኛ አገር ሰላምታው ራሱ እውነት አያስወራም። «እንዴት አደርሽ?» ሲባል መልሱ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሰው እየሞተም እንዲህ ይላል። ስለዚህ ከእናትሽ ጋር የራሳችሁን ቃል አውጡ። እኛ ቤት በኋላ ላይ የአየር ሁኔታ ነበር። ወንድሜ «ብራ ነው» ካለ እንተወዋለን። «ደመና ነው» ካለ አንዳችን ቤት እንውላለን፤ ምንም አንጠይቀውም፣ ብቻ አንርቅም። «ዘነበ» ካለ ሐኪሙ ጋ እንደውላለን። ያቺ ቃል ትልቅ ነገር ነበረች። ማብራራት አያስፈልገውም፣ ማልቀስ አያስፈልገውም፣ አንድ ቃል ተናግሮ ወደ አልጋው ይመለሳል። እናቴም ሌሊት ትንፋሽ ማዳመጧን ያቆመችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲከብደው እንደሚነግራት አውቃለቻ። ፍራሹም እንዲሁ ነው። «ተነሺልኝ» ብትያት ትፈራለች። ቃል ካላችሁ ግን መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ ሳሎን፣ ከዚያ ወደ ራሷ አልጋ ትሄዳለች። በሩም ይዘጋልሻል። እስከዚያው መድኃኒቶችና ለአደጋ ሊሆን የሚችል ማንኛውም ነገር ከእጅሽ ርቆ እሷ ጋ ወይም ወንድምሽ ቤት ይቀመጥ። ይህ አንቺን አለማመን አይደለም። ክፉው ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያ አጭር ሰዓት ውስጥ ነገሩ ሩቅ መሆኑ ሕይወት ያተርፋል።

ስለ ሐሳቡ መመለስ ደግሞ። መመለሱ አልዳንሽም ማለት አይደለም። በተለይ ከሆስፒታል በወጡ የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት ብዙ ሰው ላይ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ክትትሉ የሚያስፈልገው። አንድ ጊዜ የሞከረ ሰው ከሌላው ይልቅ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፣ ይህን አልደብቅሽም። ግን ሌላውንም እውነት ስሚ። ሞክረው ከተረፉ 10 ሰዎች 9ኙ ያህል በኋላ ዘመናቸው ራሳቸውን አላጠፉም። ሪቻርድ ሳይደን የሚባል የካሊፎርኒያ ተመራማሪ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሰው የያዛቸውን 515 ሰዎች ታሪክ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፎ ነበር። ከነሱ ከ100 94ቱ ያህል ከብዙ ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ፣ ወይም በተፈጥሮ ሞት ነው የሄዱት። እነዚያ ሰዎች ያን ቀን ሌላ መውጫ አልታያቸውም ነበር። አንቺም ጥቅምት ላይ አልታየሽም። ያን ቀን እውነት የመሰለሽ ነገር ሐምሌም ላይ እውነት ነው ማለት አይደለም።

ብቻሽን እንዳልሆንሽም ልንገርሽ። ቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ ጎልማሶችን የጠየቀ ጥናት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። ከ100 ሰው 3ቱ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ሞክረው እንደሚያውቁ ተናገሩ። ገጠርና ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ያውም ፊት ለፊት ተጠይቀው። አንድ ታክሲ ወረፋ ላይ የቆመውን ሰው ቁጠሪና አስቢው። ለነሱም እንዳንቺው «ታይፎይድ ነበር» ተብሎላቸው ይሆናል።

አሁን ስለ መድኃኒቱ። በዚህ ነገር አልስማማሽም። ጠበሉን ተዪ አልልሽም። እናቴ የወንድሜን ነገር የቻለችው በጸሎት ነው፣ እኔም አማኝ ነኝ። ግን ጠበል መግባትና መድኃኒት መተው አንድ ነገር አይደሉም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ብዙ ሰው ጠበል ስገባ መድኃኒት ልተው ሲል ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብራችሁ ውሰዱ ብለው በግልጽ አስተማሩ። ለድባቴስ ለምን ይለያል? የድባቴ መድኃኒት ለመሥራት ራሱ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ሰው ደህና ከሆነ በኋላም ቢያንስ ከ9 እስከ 12 ወር እንዲቀጥል ነው የሚመከረው። አንቺ በሁለት ወር አቆምሽው። ሊሠራ ሲጀምር ተውሽው ማለት ነው። በራስሽ ደግሞ መልሰሽ አትጀምሪው። ወደ ሐኪምሽ ሂጂና «አቁሜዋለሁ» በይ። ቢቆጣሽ ሌላ ሐኪም አለ። ከንስሐ አባትሽ ጋርም ተነጋገሪ። «ቤተ ክርስቲያን አትቀበለኝም» የሚል ፍርሃት ውስጥሽ ካለ፣ እሱንም ለሳቸው ንገሪያቸው እንጂ ብቻሽን አትሸከሚው።

«ብናገር ያስተኙኛል» ላልሽው። ሐሳቡ ይመጣል ያለ ሰው ሁሉ አይተኛም። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ሐሳቡ ብቻ ነው ወይስ ዕቅድም አለ፣ ቤትሽ ሰው አለ ወይስ የለም፣ የሚለውን ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ቅርብ ቀጠሮና የመድኃኒት ማስተካከያ ነው። ስትሄጂ አንድ ነገር ጠይቂ፤ «ለክፉ ቀን የሚሆን ዕቅድ አብረን እንጻፍ» በይ። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባለሙያዎች ያዘጋጁት አሠራር ነው። አንድ ወረቀት ይበቃዋል። መክበዱ ሲጀምር ምን ምልክት እንደምታይ ትጽፊያለሽ። ወንድሜ ለምሳሌ መጀመሪያ ስልክ ማንሳት ያቆማል። ከዚያ ራስሽን የምታረጋጊበትን፣ ቀጥሎ ወሬውን ሳታነሺ እንኳ አብረሽ መቀመጥ የምትችይውን ሰው ወይም ቦታ፣ ከዚያ እውነቱን የምትነግሪውን ሰው፣ በመጨረሻም የሐኪሙንና የሆስፒታሉን ስልክ ትጽፊያለሽ። ቤቱ ከአደጋ የሚጠበቅበት መንገድም ይጻፍበታል። ያን ሰዓት ጭንቅላት አይሠራም፤ ወረቀቱ በጭንቅላት ፋንታ ያስባል። ወንድሜ የራሱን ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ነው የሚይዘው።

እውነቱን የምትነግሪው ሰው ያልኩሽ ከሦስቱ ውጭ አንድ ቢጨመር መልካም ነው። ጄሮም ሞቶ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ የአእምሮ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ ከሆስፒታል ወጥተው ክትትል እምቢ ላሉ 843 ሰዎች አንድ ነገር ሞከረ። ለግማሾቹ ለአምስት ዓመት አጫጭር ደብዳቤ ይላክላቸው ነበር። ምክር የለበትም፣ ቀጠሮ የለበትም፤ እናስታውስሻለን፣ ደህና እንደሆንሽ ተስፋ አለን፣ መጻፍ ከፈለግሽ ደስ ይለናል፣ የሚል ነገር ብቻ ነው። ደብዳቤ ከተላከላቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ቁጥር ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። አንድ ሰው ካስታወሰ ማለት ነው! የዓለም ጤና ድርጅትም ሕንድ፣ ስሪላንካ፣ ብራዚል፣ ኢራንና ቻይና ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ ነበር። አንድ ሰዓት የሚሆን ንግግርና በ18 ወር ውስጥ 9 ጊዜ የሚደረግ አጭር ጥየቃ። እዚያም የሞቱት በጣም ያነሱ ነበሩ።

ታዲያ አንድ ጓደኛ ምረጪ። አፏ ጠባቂ የሆነች። እሁድ እሁድ ማታ አንዲት መልእክት እንድትልክልሽ ጠይቂያት። «አለሽ?» ትበልሽ። «አለሁ» በያት። ያ ይበቃል።

ለጎረቤት ግን እውነቱን የመናገር ግዴታ የለብሽም። ሐሜት የሚያመላልስ ሰው ታሪክሽን እንዲይዝ አትስጪው። «ታምሜ ነበር፣ እያገገምኩ ነው» ካልሽ አልዋሸሽም። በይሉኝታ ተጨማሪ ማብራሪያ አትስጪ። ነገር ግን ለሰው አለመናገርና ለራስሽ መዋሸት ይለያያሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ከሐኪምና ከቅርብ ሰው ለሚደብቅ ነው፤ ቡና ላይ ለሚመጣው ሁሉ ዘርግፉት ማለት አይደለም።

«እንዲህ መኖር ኑሮ ነው?» ላልሽው። የዓለም ጤና ድርጅት የሰውን የኑሮ ጥራት የሚጠይቅበት 26 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ አማርኛም ተተርጉሟል። ሕይወትሽ ትርጉም አለው ወይ የሚል አለበት፤ አንቺ ቀንና ሌሊት የምትጠይቂው እሱን ነው። ግን ከ26ቱ አንዱ ነው። የቀሩት እንቅልፍሽ እንዴት ነው፣ የሚያምሽ ነገር አለ ወይ፣ ለቀን ሥራ አቅም አለሽ ወይ፣ የሚያስፈልግሽን የሚገዛ ገንዘብ አለሽ ወይ፣ ጓደኞች ይደግፉሻል ወይ፣ የምትኖሪበት ቤት እንዴት ነው፣ ትራንስፖርት ታገኛለሽ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። ደስ የሚለኝ ለዚህ ነው። ትልቁን ጥያቄ ዛሬ ልትመልሽው አትችዪም። እንቅልፍ ግን ይስተካከላል። ለሐኪምሽ ስለ እንቅልፍ ብቻ ብታነሺ እንኳ ግማሽ ነገር ነው። ከመጠጥና ከጫት ራቂ፤ ሌላ ጊዜ እንደፈለግሽ፣ አሁን ግን ሁለቱም ክፉውን ሰዓት ያከፉታል። በቀን አንድ ጊዜ ከቤት ውጪ፣ ክረምቱ ቢሆንም፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ዳቦ ለመግዛት ይሁን። ሒሳብ ትሠሪ ነበር አይደል? የአንድ ትንሽ ሱቅ ደብተር በሳምንት ሁለት ቀን መያዝ ትችያለሽ። ደሞዙ ትንሽ ይሆናል፤ ቢሆንም የራስሽ ብር ኪስሽ ይገባል፣ የሚጠብቅሽ ቦታም ይኖራል። ሙሉ ቀን ሥራውን በኋላ ታስቢበታለሽ።

ወንድሜ መጀመሪያ ዓመት ላይ ከቤት አይወጣም ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ደግሞ መልሶ ታመመና ሆስፒታል ገባ። ሁላችንም ተስፋ ቆርጠን ነበር፣ እሱም ጭምር። ያኔ ግን ራሱ ነው «ዘነበ» ብሎ የነገረን። በእግሩ ሄዶ ገባ፣ በ9 ቀን ወጣ። አሁን ሾፌር ነው፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ደስተኛ ነው ወይ? አንዳንድ ቀን። አንዳንድ ቀን ደግሞ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ተመልሶ ይተኛል፤ ሚስቱም ታውቃለች። ወደ ድሮው ሰው አልተመለሰም። የድሮው ወንድሜ ሁሉን በሆዱ ይዞ የሚስቅ ልጅ ነበር። የአሁኑ እምብዛም አይስቅም፣ ግን ሲከብደው ይናገራል። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ይሄኛውን ነው የምወስደው። አንቺም ወደ ድሮዋ አንቺ መመለስን ግብ አታድርጊው። እሷም እኮ ታማ ነበር፤ ማንም አላወቀላትም እንጂ።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊልኝ። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢ፤ ወንድምሽ ይሂድ አብሮሽ። ከዚያ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቃል ምረጡ። የኛን ዝናብና ደመና መውሰድ ትችላላችሁ፤ የራሳችሁን ብታወጡ ግን ይሻላል። መስከረም ላይ ጻፊልኝ። የትኛውን ቃል እንደመረጣችሁ፣ ፍራሹም የት እንደደረሰ ማወቅ እፈልጋለሁ።